መርሳ ግቢ የሚገባ አዲስ መምህር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት የሚሰጠው እዚሁ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ግቢ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተከፈቱት፣ የሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከአዲስ መምህራን መካከል በመጀመሪያ ዲግሪ ብልጫ ያለው ውጤት አምጥተው የተቀጠሩ ወጣቶች አሉ፤ በግቢው አጠራር ጂኤ (ግራጁዌት አሲስታንት) ይባላሉ። አምና ማስታወሻ ሲይዝ የነበረው ዘንድሮ ጠመኔ ይጨብጣል። ከፊቱ የሚቀመጠው ተማሪ በዕድሜ ቢያንሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰው ሀብት፣ በፋይናንስና በመታወቂያ ጉዳይ ያልቃሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሚያስተምረውን ኮርስ ይሰጠዋል፤ የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ ስለሆነው ሴኔት ሌጂስሌሽንም ይነገረዋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማር ጋር ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎ ደንግጓል። ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን ስብሰባ ይነገር ይሆናል እንጂ አይለመድም።

ሰውን በእርግጥ መምህር የሚያደርገው ረጅሙ ትውውቅ ኤች ዲ ፒ የሚሉት የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው መምህራንን ለሚያሠለጥኑ መምህራን ነበር፤ ኋላ ግን የእርሻውንም የምሕንድስናውንም ሰው ጨመረ። ሠልጣኞቹ መደበኛ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ለአንድ ዓመት ያህል በቡድን ይገናኛሉ። ስለ ንቁ ትምህርትና ስለ ተከታታይ ምዘና ይወያያሉ፤ የሠሩትን በፖርትፎሊዮ ያጠራቅማሉ። እያንዳንዱ በገዛ ክፍሉ ያየውን ችግር መርጦ ተግባራዊ ምርምር ያካሂዳል። ትምህርት ቤት ሄዶ መቆየትም የፕሮግራሙ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ተማሪ በምን ዓይነት ክፍል ተምሮ እንደመጣ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ መታዘቡ ነው። በር ዘግቶ ብቻውን የሚያስተምር ሰው፣ ተማሪው የቱ ላይ እንደጠፋበት የሚነግረው አያገኝም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኃላፊነቱ ከብዷል። በየትኛውም የቅድመ ምረቃ ፕሮግራም የሚማር ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ አዲሱ መምህር የዘለለው ምዕራፍ እዚያ ይጠየቃል።

አካባቢውን ማወቅም ከሥራው አይነጠልም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ በቆየችበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፤ ከፍተኛ ጉዳትም ደርሶበታል። ጦርነቱ በውርጌሳና በመርሳም አልፏል። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣ ተማሪ ምን ተሸክሞ እንደተቀመጠ የማያውቅ መምህር፣ ዝምታውን ስንፍና ብሎ ሊፈርድበት ይችላል።

ለእርሻ መምህር ደግሞ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርቡ ነው፤ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ ይገኛል። የዚህ ቆላ ገበሬ ጠላት አቀንጭራ የሚባለው አረም ነው፤ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አረሙን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ አንዱ በራያ ቆቦዋ ጎብዬ ስም ይጠራል። በኮርሱ ዕቅድ ውስጥ የመስክ ቀን ያስገባ መምህር ተማሪዎቹን ከገበሬው ማሳ አቁሞ የተጠቃውን ማሽላ ነቅለው ሥሩን እንዲመረምሩ ማድረግ ይችላል።