የደቡብ ክርስትና ከምኒልክ ይጀምራል? ስለ ሐዋሳና አካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት የሚወራውና እውነታው

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሐዋሳ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። ለገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው የሚተመው ምእመን ታቦቱን አጅቦ ሲመለስ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ዕድሜ የሚነሣው ወሬ ብዙ ነው። አንዱ «ይህ እኮ የጥንት ነው፣ ስንት መቶ ዓመት አልፎታል» ይላል። ሌላው «በደቡብ ምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ? ክርስትና የመጣው ከምኒልክ ጦር ጋር ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስሕተት ግን የብዙ ትውልድ ታሪክ ስለሚሰርዝ ይብሳል።

የመጀመሪያውን በአጭሩ እንጨርሰው። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሲዳማዎች አዳሬ የሚሉት የግጦሽ መስክ ነበረች፤ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መዲናም ይርጋለም ነበር። በመሃል ከተማ የምናያቸው አብያተ ክርስቲያናት ከከተማዋ ጋር ያደጉ ናቸው። ይህም ክብራቸውን አይቀንስም፤ የታቦት ክብር በዓመት ቁጥር አይለካም።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ ለምን እንደሚታመን መረዳት አያስቸግርም። የምኒልክ ጦር ሲዳማን፣ ወላይታንና ጋሞን የያዘው በ1880ዎቹ ነው። በሲዳማ ምድር ከሚገኙት ቀደምት የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የተተከሉት ከጦር ሰፈር ከተሞች ጋር ነው፤ ሀገረ ሰላም ለዚህ ምሳሌ ናት። መሬቱ ሲወሰድበትና ገባር ሲሆን ያየ ገበሬ፣ ደወሉን ከገዢው ለይቶ ሊሰማው አይችልም ነበር። ይህ ትዝታ እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ከዚህ ተነሥቶ «ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አባ ባሕርይን እንውሰድ። እኚህ ካህን በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ መስፋፋት በግእዝ ጽፈዋል፤ ዛሬም ታሪክ የሚያጠና ሰው ድርሰታቸውን ሳያነብ አያልፍም። አገራቸው ጋሞ ነበረች፤ በወረራው መዘረፏንም ጽፈዋል። እንግዲህ አጼ ምኒልክ ከመወለዳቸው ከ250 ዓመት በፊት በጋሞ ግእዝ የሚጽፍ ካህን ነበረ ማለት ነው። በጋሞ ደጋ ያለችው ብርብር ማርያምም ከአካባቢው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ንግሥት እሌኒ ደግሞ የሐዲያ ገዢ ልጅ ነበሩ። አጼ ዘርዐ ያዕቆብን አግብተው ቤተ መንግሥት ገቡ፣ በኋላም ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያምን አሠሩ። የሰሜኑን አንድ ታላቅ ደብር ያሠሩት የደቡብ ልጅ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ አለ። የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ ቋንቋቸው የስልጢኛና የሐረሪ ዘመድ ነው። ዳገቱን በድንጋይ እርከን እያረሱ፣ ዓሣ እያጠመዱ ክርስትናቸውን ለዘመናት ጠብቀው ኖረዋል። የምኒልክ ሰዎች በ1870ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ያገኙት ክርስቲያን ሕዝብ ነው።

በዚሁ ሐይቅ ስም የሚነገር ሌላም ነገር አለ። ታቦተ ጽዮን ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ሸሽታ በደብረ ጽዮን ደሴት 70 ዓመት ተቀመጠች ይባላል። የደሴቶቹ አባቶች ከልብ የሚያምኑት ትውፊት ነውና በክብር መስማት ይገባል። በዘመኑ በተጻፈ ሰነድ የተረጋገጠ ታሪክ አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይደለም። በእጅ የሚዳሰሰው ማስረጃ በደብረ ጽዮን የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ጥንታዊ ገድለ ሰማዕታት ይገኛል።

«ክብ ቤተ ክርስቲያን ካየህ ጥንታዊ ነው» የሚባለውም አያስኬድም። እንደ ደብረ ዳሞና ይምርሐነ ክርስቶስ ያሉት እጅግ ጥንታውያን ሕንጻዎች ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እንደ ቀለበት አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚሆኑበት ክብ አሠራር በአገሪቱ የተስፋፋው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ደግሞም ሣር ይረግፋል፣ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ቆርቆሮ ይቀየራል፤ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ደብር የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ዕድሜውን የሚያወጣው ብራናው ነው፦ የፊደሉ ቅርጽ፣ በጸሎቱ መካከል የተጠራው የንጉሥና የጳጳስ ስም፣ በዳርና በባዶ ገጹ የተጻፈው የርስትና የጉልት ማስታወሻ።

ወንጌላውያንን በተመለከተም «የትናንት እንግዶች» የሚሉ አሉ። የሱዳን የውስጥ አገር ሚስዮን ሰዎች ወደ ደቡብ የመጡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ሲያስወጣቸው ወላይታ ውስጥ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ ተገኘ። ያን ጊዜ እምነቱን ያሰፋው የአገሬው ሰው ራሱ ነው፤ ብዙዎቹም ለዚህ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል።

ወደ ብራናዎቹ እንመለስ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ቅጂ አስቀምጧል። ብዙ የገጠር ዕቃ ቤት ግን ገና አልተነካም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አይጥ፣ እርጥበትና የሻማ እሳት ግን አዋጅ አያውቁም። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆናችሁ፣ ከካህናቱ ጋር ተመካከሩና የብራናዎቻችሁን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አስነሡ። በዳር የተጻፈውንም አትለፉት፤ የአገራችሁን ታሪክ የያዘው እሱ ነው።