ታብሌት በናይሮቢ፦ አንዱ ለሌላው የሚገዛው ኮምፒዩተር

ከስማርት ስልክ የሚሰፋው፣ ከላፕቶፕ የሚያንሰው፣ የተያያዘ የፊደል ገበታ የሌለውና በጣት ንክኪ የሚታዘዘው ታብሌት ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ዐሥርት ዓመት ሳይሞላው «ዘመኑ አልፏል» የሚል ፍርድ ደጋግሞ ተሰምቶበታል። ፍርዱ በአብዛኛው የሚመነጨው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ታላላቅ ገበያዎች ከሚሰበሰበው አኃዝ ስለሆነ፣ ስለ ናይሮቢ ሲነገር አንድ ያልተመረመረ ግምት አብሮት ይመጣል፤ ይኸውም ሸማቹ መጀመሪያ ታብሌትን ወድዶ እንደ ገዛ፣ ኋላም ሰልችቶት እንደ ተወ የሚያስመስል ነው። የኬንያ ዋና ከተማ ታሪክ ይህን አያሳይም። በናይሮቢ ታብሌት ከመጀመሪያው ጀምሮ በአብዛኛው አንዱ ለሌላው የሚገዛው ዕቃ ሆኖ ኖሯል፤ መንግሥት ለተማሪ፣ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ፣ ወላጅ ለልጅ ይገዛዋል። ስለዚህ ተወዳጅነቱ ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም ከማለት በፊት፣ ማን ለማን እንደሚገዛው ማወቅ ይቀድማል።

የዓለሙ ገበያ ታሪክ በአጭሩ ሊነገር የሚችል ነው። በብዕር መሰል ዘንግ የሚጻፍባቸው ኮምፒዩተሮች ቀደም ብለው የነበሩ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትም በ2002 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለእነርሱ የተዘጋጀ ዊንዶውስ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ክብደታቸውና ዋጋቸው ከጥቂት ቢሮዎች አላሳለፋቸውም። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በጥር 2010 አይፓድን ሲያስተዋውቅ፣ ዕቃውን በስልክና በላፕቶፕ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የሚሞላ ሦስተኛ መሣሪያ አድርጎ አቀረበው፤ ሳምሰንግ በዚያው ዓመት ሰባት ኢንች ስፋት ያለውን ጋላክሲ ታብ ይዞ ተከተለ፤ ብላክቤሪና ኤችፒም በ2011 የየራሳቸውን አወጡ። የኤችፒው ገበያ ላይ በዋለ ሁለት ወር ሳይሞላው ምርቱ መቆሙ፣ ገበያው ለሁሉም እንደማይበቃ ያሳየ የመጀመሪያው ምልክት ነበር። አይዲሲ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እንደሚያሰላው፣ ወደ ዓለም ገበያ የሚላከው የታብሌት ብዛት በ2014 ወደ 230 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ከፍተኛውን ጣሪያ ነካ፤ ከዚያም ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ በ2019 ወደ 145 ሚሊዮን ወረደ። የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርትና ሥራ ወደ ቤት ባስገባበት ጊዜ አገግሞ በ2021 ወደ 170 ሚሊዮን ቢጠጋም፣ በ2023 እንደገና ከ130 ሚሊዮን በታች ወድቆ በቀጣዩ ዓመት በመጠኑ ቀና ብሏል።

እነዚህ አኃዞች ግን የሚቆጥሩት ከፋብሪካ ወደ ነጋዴ የተላከውን አዲስ ዕቃ እንጂ በሰው እጅ ሆኖ የሚሠራውን አይደለም። ስልክ በየጊዜው ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪውም ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል፤ ታብሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ስለማይወጣና በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት ዕድሜው ይረዝማል። በ2011 የወጣው ሁለተኛው አይፓድ ከስምንት ዓመት በኋላም፣ በ2019፣ አነስተኛ ማስተካከያ ከአፕል ሲደርሰው ታይቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ሰው አዲስ ስላልገዛ ብቻ ታብሌትን ጠልቷል ማለት አይቻልም፤ ለሻጩ ግን በጥንካሬ የመጣውም ሆነ በጥላቻ የመጣው የገበያ መቀዝቀዝ ያው አንድ ነው።

የመቀነሱ ሌላው ምክንያት ስልኩ ራሱ መስፋቱ ነው። የመጀመሪያው አይፎን ስክሪን በሰያፍ ሲለካ 3.5 ኢንች የነበረ ሲሆን፣ ሳምሰንግ በ2011 ጋላክሲ ኖትን በ5.3 ኢንች ሲያወጣ ብዙዎች ለእጅ የማይመች ብለው ቢያፌዙበትም፣ አፕል ራሱ በ2014 5.5 ኢንች ስክሪን ያለው አይፎን ለመሸጥ ተገደደ። የታብሌት ገበያ ጣሪያውን የነካውም በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት የቴክኖና የአይቴል ስልኮች እንኳ ከስድስት ኢንች ስለሚበልጡ፣ ሰባት ኢንች ታብሌት በስፋት ረገድ የነበረው ብልጫ ከንቱ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ናይሮቢ ሲመጣ፣ ስልኩ የታብሌቱን ቦታ የያዘው ታብሌቱ ከመድረሱ በፊት ነው። ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 የጀመረው ኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ ቁጥር ገንዘብ የሚላክበትና የሚከፈልበት አገልግሎት፣ ስልክን የኪስ ቦርሳ አድርጎት ነበር፤ በ2011 ደግሞ ሁዋዌ አይዲዮስ የተባለው አነስተኛ የአንድሮይድ ስልክ ስምንት ሺህ ሺሊንግ ገደማ በሆነ ዋጋ ለኬንያ ገበያ ሲቀርብ፣ ኢንተርኔት በስልክ መጠቀም ለመካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የሚደረስበት ነገር ሆነ። ሁለት ዕቃ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ምርጫው ግልጽ ነበር፤ የሚኒባስ ታክሲውን፣ በከተማው ቋንቋ የማታቱውን፣ ሒሳብ የሚከፍልበት፣ የሚደውልበትና ዜና የሚያነብበት አንድ መሣሪያ ከኪሱ እያለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ሌላ ስክሪን መጨመር ትርፉ አልታየውም። በመሀል ከተማ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በተከፈተ መስኮት በኩል ስልክ እየተነጠቀ በሚወሰድበት ከተማ ሰፊ ዕቃ ይዞ መታየት የሚያመጣውን ስጋትም ከምክንያቶቹ ማውጣት አይገባም።

ታብሌት በተፈጠረበት አገር የቤት ውስጥ ዕቃ ነው፤ ቤት ደግሞ ዋይፋይ ያለው ቤት ተብሎ ይታሰባል። በ2019 በተካሄደው የኬንያ የሕዝብና የቤት ቆጠራ ኢንተርኔት ያላቸው ቤተሰቦች 17.9 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ያላቸው፣ ሦስቱ በአንድነት ተደምረው፣ 8.8 በመቶ ነበሩ። በናይሮቢ ድርሻው ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ አብዛኛው ነዋሪ ኢንተርኔት የሚገዛው ባንድል እየተባለ በሚጠራው፣ በሲም ካርድ ላይ በሚሞላ የቅድሚያ ክፍያ ጥቅል ነው። ለሥራና ለትምህርት ኮምፒዩተር የሚፈልገው ደግሞ በሉቱሊ አቬኑና በሞይ አቬኑ ዙሪያ ወደሚገኙት ሱቆች ሄዶ «ኤክስ ዩኬ» የሚባለውን፣ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግሎ የወጣ ላፕቶፕ፣ ከአንድ ጥሩ ታብሌት ባልበለጠ ዋጋ ይገዛል። የፊደል ገበታ ያለው፣ ሙሉ ዊንዶውስ የሚሠራበት አሮጌ ላፕቶፕ ለተማሪ ከአዲስ ታብሌት የሚሻል መሆኑን ለማስረዳት ሻጩ ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

በኬንያ ታብሌት በብዛት የገባው በሱቅ በር ሳይሆን በመንግሥት ጨረታ ነው። በ2013 ምርጫ ኡሁሩ ኬንያታና ዊልያም ሩቶ የመሩት ጁቢሊ ጥምረት አንደኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች ላፕቶፕ እንደሚሰጥ ቃል ገባ፤ በ2014 ኦሊቭ ቴሌኮሚኒኬሽን ለተባለ የሕንድ ኩባንያ የተሰጠው 24.6 ቢሊዮን ሺሊንግ የሚያወጣ ጨረታ ግን በሕግ ክርክር ተሰናከለ። ዕቅዱ እንደገና ሲከለስ የዲጂታል ትምህርት መርሐ ግብር የሚል ስም ወጣለት፤ ለመምህሩ ላፕቶፕ፣ ለልጁ ታብሌት እንዲሆንም ተወሰነ። አቅርቦቱ በ2016 ሲጀመር ሥራውን የወሰዱት ሁለት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ነበሩ፤ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በጁጃ የሚገኘው የጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከፖዚቲቮ ቢጂኤች፣ የኤልዶሬቱ ሞይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፖርቱጋሉ ጄፒ ሳ ኮውቶ ጋር ተጣምረው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ መሣሪያዎች ከሃያ ሺህ በላይ ለሚሆኑ የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደረሱ። ብዙ ትምህርት ቤቶች መብራት ያገኙት ለዚሁ ታብሌት ሲባል በተዘረጋ መስመር መሆኑ የመርሐ ግብሩ ትልቁ ፍሬ ሳይሆን አይቀርም። ዕቃዎቹ ግን በየቦታው በሌባ ፍራቻ በተቆለፈ ክፍል ሲቀመጡ፣ ለመምህራን የተሰጠው ሥልጠናም ሲያንስ ታይቷል። ከዚህ የተነሣ ታብሌቱ በልጆች ዘንድ ተወዷል ወይም ተጠልቷል ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ብዙዎቹ ልጆች የመሞከር ዕድሉን በሚገባ አላገኙትም።

የናይሮቢው ብርክ የተባለ ኩባንያ ይህን ችግር ቀድሞ ያየው ይመስላል። በመስከረም 2015 ያስተዋወቀው ኪዮ ኪት የተባለው ሣጥን አርባ ታብሌቶችን ከነአነስተኛ ሰርቨሩ የያዘ ሲሆን፣ ሰርቨር ማለት ትምህርቱን አከማችቶ ኢንተርኔት ባይኖርም ለታብሌቶቹ የሚያድል ኮምፒዩተር ነው፤ ታብሌቶቹ ያለ ገመድ በሣጥኑ ውስጥ ይሞላሉ፣ ሣጥኑም ይቆለፋል። እዚህ ላይ ታብሌት የግለሰብ ንብረት መሆኑ ቀርቶ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወጥቶ ወደ መደርደሪያ የሚመለስ የክፍል ዕቃ ሆኗል።

ታብሌት ከሁሉ ይልቅ የተሳካለት፣ ሥራው ተለይቶና ጊዜው ተወስኖ ሲሰጠው ነው። በ2017 የኬንያ ምርጫ ኮሚሽን መራጮችን በጣት አሻራ የሚለዩና ውጤት የሚያስተላልፉ 45,000 ያህል ታብሌት መሰል መሣሪያዎችን አሰማራ፤ የኬንያ ስታትስቲክስ ቢሮም በነሐሴ 2019 ያለ ወረቀት የተካሄደውን የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ከ160,000 በላይ በሆኑ ታብሌቶች አከናውኖ 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ ቆጠረ። ቆጣሪው ቅጽ ከመሙላት በቀር ሌላ ነገር ስለማይጠበቅበት ሰፊው ስክሪን ጠቀመው። ይሁን እንጂ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2023፣ መቶ ሺህ የሚሆኑ የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮች በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ሲሰማሩ፣ የቤት ለቤት መረጃ እንዲመዘግቡበት በቦርሳቸው የተጨመረው መሣሪያ ስማርት ስልክ ነበር። ተቋማትም ወደ ሰፋው ስልክ ዞረዋል ለማለት አንድ ምሳሌ ብቻውን ባይበቃም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ልዩነቱን ሳያስተውል አያልፍም።

በኢትዮጵያም ታብሌት በግለሰብ ገበያ ሳይሆን በተቋም በኩል ነው የታወቀው። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ በሚል መፈክር የተመሠረተው የአሜሪካ ድርጅት በ2012፣ ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ላሉ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ ኃላፊዎች እንደ ተናገሩት፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው እስከ መክፈት ደርሰዋል፤ ወሬው ዓለምን ቢያስደንቅም ትምህርት ቤትን ስለ መተካቱ ግን ማስረጃ አልሆነም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መዝገብን በታብሌት መያዝ ጀምረዋል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራም ታብሌት በብዛት ተገዝቶ ነበር፤ ቆጠራው ግን በ2019 በፓርላማ ውሳኔ ተራዘመ። ወረቀት ቢሆን ዓመታትን ይጠብቅ ነበር፤ የታብሌት ባትሪና ሶፍትዌር ግን ቀጠሮ ሲራዘም አብረው አይራዘሙም።

ግለሰብ በገዛ ገንዘቡ የሚገዛው ታብሌት በናይሮቢ የሚታየው በልጆች ክፍል ነው። ከመጋቢት 2020 እስከ ጥር 2021 ትምህርት ቤቶች ለአብዛኛው ተማሪ ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ ልጆች በወላጆቻቸው ስልክ ይማሩ ስለ ነበር፣ ስልኩን ለማስመለስ ሲባል ለልጁ የራሱን ስክሪን መግዛት ለብዙ ቤተሰብ አስፈላጊ ሆኖ ታየ። በሉቱሊም ሆነ ሐበሻና ሶማሌ ጎን ለጎን በሚነግዱበት በኢስሊ በዙሪያው የጎማ መከላከያ ያለው፣ ስሙ ብዙም ያልተሰማ የቻይና የሕፃናት ታብሌት መሸጡ የዚህ ፍላጎት ምልክት ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ችግር ከስክሪናቸው ይልቅ በውስጣቸው ይገኛል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የማከማቻ መጠን ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ የአንድሮይዱ ስሪትም ብዙ ጊዜ ያረጀ ስለሆነ የትምህርት መተግበሪያዎች ቶሎ መሥራት ያቆማሉ። ወላጁም ከዓመት በኋላ «ታብሌት አይረባም» ብሎ ሲደመድም፣ የፈረደው በዕቃው ዓይነት ላይ ሳይሆን በዋጋው ላይ ነው።

ለምን ርካሹን እንደሚገዛ ደግሞ የኬንያ የብድር ሥርዓት ያስረዳል። ሳፋሪኮም በሐምሌ 2020 ከጉግል ጋር «ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ»፣ ማለትም ጥቂት በጥቂት ክፈል፣ የተባለውን አሠራር ሲጀምር፣ ደንበኛው በቀን ሃያ ሺሊንግ እየከፈለ የአራተኛው ትውልድ ስልክ እንዲይዝ ፈቀደ፤ ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ከርቀት ይቆለፋል፣ ሲከፈልም ይለቀቃል። ኤምኮፓ የተባለው የናይሮቢ ኩባንያም የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎችን በዚሁ መንገድ ሲሸጥ ቆይቶ ስልክን ጨምሮበታል። አሠራሩ የቆመው ስልኩ የባለቤቱ የዕለት መተዳደሪያ መሆኑ ላይ ነው፤ የሞተር ብስክሌት ነጂውም ሆነ ቸርቻሪዋ ስልካቸው ከተቆለፈ ሥራቸው ስለሚቆም በየቀኑ ይከፍላሉ። ለልጅ የተሰጠ ታብሌት ሲቆለፍ ግን የሚቋረጥ ገቢ የለም፤ የሚያጉረመርመው ልጁ ብቻ ነው። አበዳሪውም በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የሚይዘው ዋስትና ደካማ ስለሚሆን፣ ወላጁ በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ሊከፍል ከሚችለው ገንዘብ በላይ አይወጣም፤ በዚያም ገንዘብ የሚያገኘው ያንኑ የጎማ መከላከያ ያለውን ዕቃ ነው።