ሱስና የቤት ውስጥ ጥቃት፦ ጥቃት አድራሹን ወደ ሕክምና ማምጣት

ጫት በከሚሴ፣ በባቲና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች የዕለት ኑሮ አካል ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አእምሮን ያነቃቃል፤ ምርቃናው ሲበርድ ግን ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣትና ንዴት ይከተላሉ። አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር በመጠጥ ይጨብሳል፤ መጠጡ ደግሞ ራስን የመግታት አቅምን ያዳክማል። ለአስቤዛ የታሰበው ገንዘብ ለጫት ሲውልም ጠብ ይነሣል።

ሆኖም ሱስ ጥቃትን ያባብሳል እንጂ ብቻውን አይወልደውም። ከሚቅሙት ብዙዎቹ ሚስታቸውን አይመቱም፤ ምንም ሳይቀምስ የሚመታም አለ። ችግሩም ሰፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ሱሱም ጥቃቱም ለየብቻ መታረም አለባቸው፤ ጫት መተው ብቻውን ለሚስት ዋስትና አይሆናትም።

ባልን ለሕክምና ከመምከር በፊት የሚቀድመው የሚስትና የልጆች ደኅንነት ነው። የምትፈራውን ባሏን ብቻዋን እንድታሳምን በሚስት ላይ ሸክም መጣል ለባሰ ጥቃት ያጋልጣታል። ባልየው የሚያከብረው ወንድም፣ ጓደኛ፣ ሼህ ወይም ሽማግሌ ቢያናግረው ይሻላል። ጊዜው ያልቃመበትና ያልጠጣበት፣ ሐራራም ያልያዘው ሰዓት ይሁን። ንግግሩ ከስድብ የራቀ፣ ግን ያልተሸፋፈነ ይሁን፦ ያደረገው ይነገረው፣ «ጫቱ ነው» የሚለውን ሰበብ አይቀበሉት፣ የሚታከምበት ቦታም ይጠቆመው።

የመጀመሪያው በር በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው መጠጥን በድንገት ቢያቆም ከባድ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ ሊገጥመው ስለሚችል፣ በሐኪም ክትትል ማቆም ይኖርበታል።

ሽምግልና ሰውየውን ወደ ሕክምና የሚገፋና ቃሉን የሚከታተል ሲሆን ይጠቅማል፤ ተበዳይዋን «ታገሺ» ብሎ የሚመልስ ከሆነ ግን ጥቃቱን ያስቀጥላል። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። ስካር፣ ሕክምና መጀመርም ሆነ የዕርቅ ቃል የሚስትን ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አያስቀሩባትም። የለውጡ መለኪያም የቀረው ጫት ሳይሆን የቆመው ዱላና ዛቻ ነው።