ለም አፈርና አዲስ መንደር፦ የላውደን ካውንቲ ክርክር

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ምዕራብ፣ የደለስን አውሮፕላን ማረፊያ አልፎ የሚዘረጋው የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ሁለት መልክ አለው። ምሥራቁን የመኖሪያ መንደሮችና የዳታ ማዕከሎች ሞልተውታል፤ ምዕራቡ ዛሬም የእህል ማሳ፣ የወይን እርሻና የፈረስ ግጦሽ ነው። የካውንቲው ሕዝብ በ2000 (እ.ኤ.አ.) 170,000 ገደማ ነበር፤ በ2020 ከ420,000 አልፏል። ለዚህ ሁሉ ሰው ቤት ያስፈልጋል፤ ጡረታው መሬቱ ብቻ የሆነ ገበሬም በጥሩ ዋጋ መሸጥ ይፈልጋል። ምዕራቡ እርሻ ሆኖ እንዲቀጥል ስንት ቤት፣ የትኛው ቦታ ላይ ይሠራ? ካውንቲው በዚህ ጥያቄ ሲሟገት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዋናው መልስ ክላስተር የሚባለው አሠራር ነው። ቤቶቹ በእርሻው ላይ ከመበታተን ይልቅ አንድ ቦታ ይሰባሰባሉ፤ የቀረው መሬት እንዳይገነባበት በሰነድ ይታሰራል። በሰሜን ምዕራብ ላውደን የገጠር ዞን መደበኛው ደንብ ለ20 ኤከር (8 ሄክታር ገደማ) አንድ ቤት ይፈቅዳል። ባለቤቱ ክላስተርን ከመረጠ ለ5 ኤከር አንድ ቤት ይፈቀድለታል፤ በምላሹ ከመሬቱ 70 በመቶውን ለእርሻ ወይም ለክፍት ቦታ ይተዋል። 100 ኤከር ያለው ሰው በመደበኛው ደንብ 5፣ በክላስተር ግን 20 ቤት ያሠራል ማለት ነው። መሬት ለማዳን የተሰጠው አማራጭ የቤቱን ቁጥር አራት እጥፍ ያደርገዋል። ብዙ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ይህንን ነው፤ እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቤቶቹ የሚያርፉበት አፈር ነው።

አብዛኛው ምዕራብ ላውደን የከተማ ውሃና የፍሳሽ መስመር የለውም። ባለቤቱ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ፍሳሹንም በሴፕቲክ ታንክ አሳልፎ ወደ አፈር ያሰርጋል። ለዚህ ደግሞ ጥልቅና ውሃን በልኩ የሚያሳልፍ አፈር ያስፈልጋል። ጭንጫ፣ ረግረግ ወይም ሸክላ የበዛበት ቦታ የአፈር ምርመራውን አያልፍም። ጥልቅ፣ ውሃ የማያቁርና ሜዳማ የሆነው መሬት ግን ገበሬውም ምርጤ የሚለው መሬት ነው። መሐንዲሱ የቤቶቹን ቦታ ሲነድፍ ሴፕቲኩ የሚሠራበትን አፈር ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ተዳፋቱ፣ የጅረቱ ዳርና ጭንጫው ይሆናል። በወረቀት ላይ 70 በመቶው ድኗል፤ ከዚያ ውስጥ ማረሻ የሚገባበት ስንቱ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። ካውንቲው በክላስተር መንደሮች ውስጥ ለም አፈርን ለይቶ በሚጠብቅ የደንብ ማሻሻያ ላይ ለመወያየት የተነሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ላውደንን ከሜሪላንድ የሚለየውን ወንዝ ተሻግሮ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበትና ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር። ካውንቲው በ1980 የግዛቱን ሲሶ ያህል፣ 93,000 ኤከር፣ የእርሻ ክልል ብሎ ለ25 ኤከር አንድ ቤት ብቻ ፈቀደ። ገበሬው ባዶ እጁን እንዳይቀር ለ5 ኤከር አንድ የመገንባት መብት ተቆጥሮለት ለአልሚዎች እንዲሸጥ ተደረገ፤ ገዢው በዚያ መብት፣ ካውንቲው በመረጣቸው የከተማ አካባቢዎች ተጨማሪ ቤት ይሠራል። ገበሬው ምርጥ ማሳውን ለመንደር ሳይቆርስ ገንዘብ የሚያገኝበት ይህ መንገድ ለእኔ ከላውደኑ የተሻለ ነው።

ላውደን ውስጥ አጎራባቹ ማሳ ላይ መንደር ሊሠራ መሆኑን የሰማ ነዋሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ፣ የመሬት ሽንሸና ዕቅዱ ደንቡን ካሟላ የካውንቲው ገምጋሚ የማጽደቅ ግዴታ አለበት። የሚመረመረው የቦታው ልክ፣ የውሃ ጥናቱ፣ የጎርፍ ሜዳውና የመንገዱ መግቢያ በደንቡ እንደተጻፈው መሆናቸው ነው፤ የተቃዋሚ ብዛት ዕቅዱን አይጥለውም። የሕዝብ ድምፅ ክብደት የሚኖረው ደንቡ ራሱ ሲጻፍ፣ በፕላን ኮሚሽኑና በሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ፊት ነው።

ያ ደረጃ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ2005 ታይቷል። ቦርዱ በ2003 በምዕራቡ የሚሠራውን ቤት በእጅጉ የሚቀንስ ደንብ አውጥቶ ነበር። ክስ ተመሠረተ፤ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ደንቡን ሻረው። ምክንያቱ፣ ከስብሰባው በፊት የወጣው ማስታወቂያ ምን እንደሚለወጥ ለሕዝቡ በበቂ አለመግለጹ ነበር። ያኔ ለ3 ኤከር አንድ ቤት የሚፈቅደው አሮጌው ደንብ ተመለሰ። ዛሬ የምንከራከርባቸው የ20 እና የ5 ኤከር ልኮች የመጡት ቦርዱ በ2006 እንደገና ሲደነግግ ነው።

ስለዚህ የደንብ ማሻሻያ ማስታወቂያ ሲወጣ አንብቦ መሄድ ይገባል። እዚያ የሚጠየቀው የሚተርፈው መሬት መቶኛ ብቻ መሆን የለበትም። የትኛው አፈር እንደሚተርፍ፣ ባለቤቱ ገበሬ ይሁን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ገደቡን የሚያስከብረው ማን እንደሆነና መሬቱ ከዓመታት በኋላ ዳግም ሊሸነሸን ይችል እንደሆነ በደንቡ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።