የአምራች ኩፖንና የሙከራ መጠን ዕቃ፦ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ የችርቻሮ ገበያ የአምራች ኩፖን የሚባለው፣ ምርቱን ያመረተው ኩባንያ ለገዢው የተወሰነ ዋጋ እንደሚቀንስ በጽሑፍ ቃል የሚገባበት ሰነድ ሲሆን፣ ከመደብር ኩፖን የሚለየው የቅናሹን ወጪ የሚሸፍነው ሻጩ ሳይሆን አምራቹ በመሆኑ ነው። ልማዱ ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ብርጭቆ መጠጥ በነጻ የሚያስገኝ ቲኬት ካደለበት ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። መደብሩ ቅናሹን በቅድሚያ ለገዢው ይሰጥና፣ ኩፖኖቹን ሰብስቦ ወደ አጣሪ ድርጅት በመላክ፣ የተጻፈውን ዋጋ ብዙ ጊዜ 8 ሳንቲም ከሚሆን የአገልግሎት ክፍያ ጋር ከአምራቹ ያስመልሳል። ስለዚህም ኩፖን አምራቹን፣ መደብሩንና ገዢውን የሚያስተሳስር የሦስት ወገን ስምምነት ነው። የሙከራ መጠን የሚባለው ደግሞ ገዢው ትልቁን ከመግዛቱ በፊት እንዲሞክረው፣ ወይም በጉዞ ላይ እንዲይዘው፣ በትንሽ ጠርሙስና በትንሽ ማሸጊያ የሚሸጥ ሻምፖ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዲኦዶራንትና የመሳሰለው ነው። በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ ኩፖን ስለ መጠቀም ከሚነገሩት እምነቶች አንዳንዶቹ የተፈቀደውን ያስፈራሉ፤ ሌሎቹ የተከለከለውን ያስደፍራሉ።

ተረት፦ ኩፖን የተዘጋጀው ለትልቁ ዕቃ ስለሆነ፣ በትንሹ ላይ የሚጠቀም ሰው አጭበርባሪ ነው።

እውነታ፦ የሚወስነው በኩፖኑ ላይ የታተመው ቃል ነው። ኩፖኑ «ለማናቸውም መጠን» የሚል ከሆነ፣ ወይም የምርቱን ስም ብቻ ጠቅሶ ስለ መጠኑ ምንም ገደብ ካላስቀመጠ፣ ትንሹ ጠርሙስ ከስምምነቱ ውጭ አይደለም። በአንጻሩ «የሙከራና የጉዞ መጠንን አይጨምርም» ወይም «6 አውንስና ከዚያ በላይ» የሚል ገደብ ከታተመበት፣ በትንሹ ላይ መጠቀም ስምምነቱን መጣስ ነው። አምራቾች ትንሹን ዕቃ ማግለል በፈለጉ ጊዜ ይህን ገደብ በግልጽ የሚጽፉ በመሆናቸው፣ ያልተጻፈ ክልከላ በገዢው ላይ ሊጫን አይገባም።

ተረት፦ በኩፖኑ ላይ የሚታየው ሥዕል የትኛው ዕቃ እንደሚፈቀድ ይወስናል።

እውነታ፦ ሥዕሉ ማስታወቂያ ነው። አምራቹ አዲሱን ወይም ውዱን ምርት ማሳየት ስለሚመርጥ፣ በሥዕሉ ላይ ትልቅ ጠርሙስ መታየቱ በጽሑፉ የተፈቀደውን ትንሽ ጠርሙስ አይከለክልም፤ እንዲሁም ሥዕሉ በጽሑፍ የተከለከለውን አይፈቅድም።

ተረት፦ የመደብሩ ማሽን ኩፖኑን ከተቀበለው ጉዳዩ አልቋል።

እውነታ፦ ባርኮዱ የአምራቹን መለያና አንድን የምርት ቤተሰብ የሚያመለክት ቁጥር ስለሚይዝ፣ ይህም ቁጥር ብዙ ዓይነት ዕቃዎችን በአንድነት ሊያቅፍ ስለሚችል፣ ማሽኑ በጽሑፍ የተገለለውን መጠን ሳይለይ ሊያሳልፈው ይችላል። የማሽን መቀበል የሕጋዊነት ማረጋገጫ አለመሆኑን በቨርጂኒያ የታየው ከባድ ወንጀል አሳይቷል፤ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት ያደረሱት ሐሰተኛ ኩፖኖች በየመደብሩ ሲሠራባቸው ቆይተው፣ ያዘጋጀቻቸው ሴት እ.ኤ.አ. በ2021 የ12 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። ገደብ ጥሶ በትንሽ ዕቃ ላይ መጠቀም ከዚህ ጋር የሚተካከል ባይሆንም፣ አምራቹ ክፍያውን በከለከለ ጊዜ ኪሳራውን የሚሸከመው ሻጩ ነው፤ ይህም በጠባብ ትርፍ ለሚነግድ አነስተኛ ሱቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ተረት፦ «በአንድ ግዢ አንድ ኩፖን» ማለት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ኩፖን መጠቀም አይቻልም ማለት ነው።

እውነታ፦ በዚህ አገላለጽ ግዢ የሚባለው እያንዳንዱ ዕቃ በመሆኑ፣ አራት ትንንሽ ሻምፖ የያዘ ገዢ ሌላ ገደብ እስካልተጻፈ ድረስ አራት ኩፖኖችን ሊጠቀም ይችላል፤ የተከለከለው በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት የአምራች ኩፖን መደረብ ነው። ኩፖኑ «በአንድ ክፍያ አንድ» ካለ ግን ገደቡ በአንድ ደረሰኝ ለሚዘጋው ሒሳብ ሁሉ ይሠራል። በአንድ የገበያ ጉዞ የሚፈቀደውን ተመሳሳይ ኩፖን ቁጥር የሚወስኑ አምራቾችም ስላሉ፣ ይህ መስመር ሊዘለል አይገባም።

ተረት፦ ኩፖኑ ከዕቃው ዋጋ ከበለጠ ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ ይመለሳል።

እውነታ፦ ብዙ ኩፖኖች ጥሬ ገንዘብ እንደማይመለስ ይገልጻሉ፤ መደብሮችም እንደየደንባቸው የኩፖኑን ዋጋ እስከ ዕቃው ዋጋ ዝቅ ያደርጉታል ወይም አይቀበሉትም። በተጨማሪም በካሊፎርኒያና በኒውዮርክ የሽያጭ ታክስ የሚሰላው የአምራች ኩፖኑ ከመቀነሱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ በነጻ የተገኘ የሚመስለው ዕቃ ጥቂት ሳንቲም ያስከፍላል፤ በቴክሳስ ግን ታክሱ የሚሰላው ከቅናሹ በኋላ ነው።

ተረት፦ ትንሽ ዕቃ መግዛት ሁልጊዜ ኪሳራ ነው።

እውነታ፦ ያለ ኩፖን ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለምሳሌ ባለ 2 አውንስ ሻምፖ 1.50 ዶላር፣ ባለ 12 አውንሱ 6 ዶላር ቢሆን፣ የአንዱ አውንስ ዋጋ በትንሹ 75፣ በትልቁ 50 ሳንቲም ይሆናል። የ1 ዶላር ኩፖን ሲቀነስ ግን ትንሹ ወደ 25 ሳንቲም ሲወርድ፣ ትልቁ 42 ሳንቲም ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ስሌቱ በእያንዳንዱ ኩፖን ሊደገም ይገባል።

መደብሮች ስለ ኩፖን የራሳቸውን ደንብ የማውጣት መብት ስላላቸው፣ ገዢው የኩፖኑን ጥቃቅን ጽሑፍና የመደብሩን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል። በአነስተኛ ገቢ ቤቱን ለሚያስተዳድር ሰው፣ ይልቁንም በሰው አገር በቋንቋ ለሚቸገር ስደተኛ፣ በጽሑፍ የተሰጠውን ቅናሽ በአፋርነት መተው ጉዳት ነው፤ ያልተሰጠውን መውሰድ ደግሞ ሌላውን መበደል ነው። በታተመው ልክ የሚጠቀም ገዢ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ገንዘብ ተቀባዩ ቢጠራጠርም መስመሩን በትሕትና አሳይቶ መጠየቅ መብቱ ነው።