ቲ.ኤን.ኤፍ.፦ በባክቴሪያ ውስጥ የሚመረተው የአይጥ ፕሮቲንና የብግነት ምርምር

በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ወደ ሰውነት ሲገቡ ወይም ቆዳ ሲቆስል አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሕመምም ይሰማል። ብግነት የሚባለው ይህ ሂደት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት ሳይቶካይን በሚባሉ ፕሮቲኖች ሲሆን፣ ከእነዚህም በስፋት ከተጠኑት አንዱ ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ነው። ይህ ፕሮቲን በልኩ ሲመረት ሰውነትን ይጠብቃል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ሊጠብቀው የሚገባውን አካል መልሶ ይጎዳል።

የፕሮቲኑ ታሪክ የሚጀምረው ከአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች ለአይጦች በመጀመሪያ ቢ.ሲ.ጂ. የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ቀጥሎም ከባክቴሪያ ቅርፊት የተገኘውን ኢንዶቶክሲን ሰጧቸው። ከእነዚህ አይጦች ደም የተወሰደው ሴረም በሌሎች አይጦች ላይ የነበረን የካንሰር ዕጢ ሲያጠፋ ታየ። ዕጢን የሚያጠፋ የሚል ትርጉም ያለው ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። በ1985 ደግሞ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ቢውትለርና አንቶኒ ሴራሚ፣ የታመሙ እንስሳትን ከሚያከሳው ንጥረ ነገር በስተጀርባ ያለው ያው ቲ.ኤን.ኤፍ. መሆኑን ደረሱበት። ፕሮቲኑን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድመው የተሰጣቸው አይጦችም ኢንዶቶክሲን ከሚያስከትለው ሞት መትረፍ ቻሉ።

ፕሮቲኑን ከአይጥ ደም ማውጣት አድካሚ ነው፤ የሚገኘውም መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሪኮምቢናንት በሚባለው ዘዴ ይመረታል። የአይጡ ዘረ-መል ፕላዝሚድ በተባለ ክብ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተሰክቶ ኢ. ኮላይ ወደሚባለው ባክቴሪያ ይገባል። ባክቴሪያው በተራባ ቁጥር የተሰጠውን ትእዛዝ እያነበበ የአይጡን ፕሮቲን ይሠራል። 156 አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ ፕሮቲን ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ሦስት ሦስት ሆኖ ሲጣመር ሥራውን ያከናውናል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምራቹ ባክቴሪያ ራሱ ኢንዶቶክሲን አለው፤ ኢንዶቶክሲን ደግሞ በራሱ ብግነት ይቀሰቅሳል። ጥቂት እንኳ ከፕሮቲኑ ጋር ከቀረ፣ በሙከራው የታየው ውጤት ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም። የፕሮቲኑ ኃይልም ይለካል፦ በመስታወት ዕቃ በሚያድጉ የአይጥ ሕዋሳት ላይ ይጨመርና ምን ያህሉን እንደገደለ ይታያል።

የሰውን ፕሮቲን ለአይጥ መስጠት ለምን አይበቃም? የሰውና የአይጥ ቲ.ኤን.ኤፍ. ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ይመሳሰላሉ። ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ መልእክቱን የሚያደርሰው በሕዋስ ላይ ባሉ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አማካይነት ነው። የሰው ቲ.ኤን.ኤፍ. ከአይጥ አንደኛው ተቀባይ ጋር ሲገጥም፣ ከሁለተኛው ጋር ግን አይገጥምም ማለት ይቻላል። በሰው ፕሮቲን የተሞከረ አይጥ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ያሳያል።

ይህ ምርምር ወደ መድኃኒት አድርሷል። ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ በ1998 በአሜሪካ ክሮንስ ለተባለው የአንጀት ሕመም፣ በ1999 ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ ለተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ተፈቀደ። በሌላ በኩል አይጦችን ያተረፈው እገዳ በከባድ የደም መመረዝ በታመሙ ሰዎች ላይ ሲሞከር የተጠበቀውን ውጤት አላስገኘም።

አይጦቹ የሰጡት ማስጠንቀቂያ ግን በሰውም ላይ ታይቷል። በ1995 የታተመ ጥናት ቲ.ኤን.ኤፍ. የታገደባቸው አይጦች የሳንባ ነቀርሳን መቋቋም አቅቷቸው እንደሚሞቱ አሳየ። በ2001 ደግሞ ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ ሕሙማን መካከል 70 ሰዎች በሳንባ ነቀርሳ መታመማቸው ተዘገበ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ በሰውነት ውስጥ ያንቀላፋውን የነቀርሳ ተሕዋስ ከብቦ የሚይዘው የሕዋሳት ቅጥር እንዳይፈርስ የሚያግዘው ይኸው ፕሮቲን ነው።

ስለዚህም ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ከማዘዛቸው በፊት የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ መኖሩን ይመረምራሉ፤ ከተገኘም አስቀድመው መከላከያ ሕክምና ይሰጣሉ። ጉዳዩ በሽታው በስፋት ከሚገኝባት ኢትዮጵያ ወጥተው በውጭ አገር ለሚታከሙ ሰዎች በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በልጅነት የተወሰደ የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስት ይችላል፤ ኢንተርፌሮን ጋማን የሚለካው የደም ምርመራ ግን በክትባቱ አይዛባም። የትውልድ አገርን፣ የተወሰደውን ክትባትና በቤተሰብ ውስጥ የነበረን ሕመም ለሐኪም አስቀድሞ መንገር ተገቢውን ምርመራ ለመምረጥ ይረዳል።