የመታጠቢያ ቤታችን መብራት

ባለፈው ክረምት፥ በኮሌጅ አብረን ከተማርነውና ዛሬ በሰመራ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ካለው ወዳጄ ዘንድ በእንግድነት አርፌ ነበር። ገላዬን ልታጠብ ስነሣ ወዳጄ ከኋላዬ ጠራኝና፥ «አደራህን፥ እጅህ ርጥብ ሳለ ማብሪያውን እንዳትነካ፤ እኔን ባለፈው ወር ነዝሮኛል» አለኝ። ገብቼ ብመለከት፥ ሽፋን የሌለው አምፖል ልክ ከሻወሩ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ከቧንቧው አጠገብ ተተክሏል። መብራቱን ያስገባው ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ አደጋው ግን ከተከራዩ ጋር ቀርቷል።

ውድ አንባቢ፥ ነገሩ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም። ደረቅ ቆዳ የኤሌክትሪክን ኃይል በመጠኑ ይከላከላል፤ ርጥብ ቆዳ ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት፥ በባዶ እግሩ ውሃ ላይ የቆመን ሰው ለመግደል ይበቃል።

ለአዋሽ ሸለቆ ሰው ውሃና መብራት የቆየ ዝምድና አላቸው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአዋሽ ወንዝ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ኖሯል፤ ከዚያም አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 ተከትለዋል። ወንዙም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ ውሃና ኤሌክትሪክ በግድቡ ላይ ቢስማሙም በመታጠቢያ ቤት ውስጥ መለያየት አለባቸው።

በመጀመሪያ ስለ ምርጫው እንነጋገር። የጥንቱ 60 ዋት አምፖል ከሚፈጀው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት የሚፈልግ የለም። የ9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል 800 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ ይህም ከቀድሞው 60 ዋት ጋር ይመጣጠናል። በቀን 3 ሰዓት ቢበራ፥ የፊተኛው በ30 ቀን 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ የኋለኛው 0.81 ብቻ ይፈጃል። ለነጩ ኤል.ኢ.ዲ. መንገድ የከፈተውን ሰማያዊ ብርሃን የፈለሰፉት ሦስት ሊቃውንትም በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ዋቱን ብቻ ሳይሆን ሉመኑንም እናንብብ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ለሆነ ነጭ ግድግዳ ያለው ክፍል 800 ሉመን ይበቃል።

ይሁን እንጂ ኤል.ኢ.ዲ.ም ሙቀት ጠላቱ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር፥ አየር በማያገኝ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ከታፈነ ዕድሜው ያጥራል። ሰፋ ያለ ሽፋን መግዛት ያዋጣል። በሽፋኑም ላይ «አይ.ፒ.» የሚለውን ምልክት እንፈልግ፤ የመጀመሪያው ቁጥር አቧራን፥ ሁለተኛው ውሃን መከላከሉን ይነግረናል። ለፍንጣቂ ውሃ 44 ይበቃል፤ አቧራ ለሚበዛበት አገርና ለሻወር አጠገብ ግን 65 ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ከራስ በላይ ያለ አንድ መብራት ከዓይንና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል፤ ጢሙን የሚላጭ ሰውም አገጩን የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቢቻል ከመስተዋቱ ግራና ቀኝ፥ በፊት ቁመት ልክ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ይተከሉ። አቅም ካልፈቀደ አንዱን ከመስተዋቱ በላይ ማድረግ ነው። ተራ መብራት ከሻወሩ ክልል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ከበሩ ውጭ ይሁን።

ሦስተኛው ሥራው ነው። ይህን ለሙያተኛ መተው ይገባል፤ ባለቤቱ ግን አጠገቡ ቆሞ ይጠይቅ። ዋናው ብሬከር ጠፍቷል? ሽቦው ኃይል እንደሌለው በቴስተር ታይቷል? ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን ነው ወይስ ኑሉን? ኑሉን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ አምፖሉ ቢጠፋም ሽቦው አልሞተም። የመሬት ሽቦው ተያይዟል? ኃይል 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ ቢገባ ደግሞ ለቤተ ሰቡ ትልቅ ዋስትና ነው።

ወዳጄ «ቤቱ የኪራይ ነው፥ ለምን ገንዘቤን ላፍስስ?» ሲል ተከራከረኝ። እኔም «ቤቱ የሰው ነው፤ ነፍስህ ግን የራስህ ናት» አልሁት። በማግሥቱ ከአከራዩ ጋር ተነጋግረው ወጪውን እኩል ተካፈሉ፤ ማብሪያውም ከበር ውጭ ወጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ!